የሚያመኝ ሲሻለኝ ነው

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ በተደረገ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ከቅጂው የገለበጠልኝ ወንድሜ ነው። እኔ የነካካሁት ትንሽ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁት ይሰማል? ይሰማል? ጥሩ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። ተቀምጬ ነው የማወራችሁ። ባደግሁበት ቤት ትልልቅ ሰዎች ፊት ተቀምጦ ማውራት ነውር ነበር። ንቀት እንዳይመስላችሁ። ቆሜ ባወራ ግን ከአስር ደቂቃ በኋላ የምታዩት ንግግር ሳይሆን አወዳደቅ ነው የሚሆነው።

ሌላም ማስተካከያ አለኝ። ቅድም ያስተዋወቀኝ ወንድሜ "ኮሮናን ያሸነፈች" ብሎኛል። ፍቅሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን አላሸነፍኩም። አራት ዓመት አልፎን እስካሁን አልተለያየንም።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሕንፃ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምሠራው። ፎቁን የጠቀስኩት በምክንያት ነው፣ ትደርሱበታላችሁ። ዛሬ ሦስት ነገር ልናገር ነው ያሰብኩት። አንደኛ፣ ይሄ በሽታ ምንድን ነው። ሁለተኛ፣ ከሥራ ጋር እንዴት ይኖራል። ሦስተኛ... ሦስተኛውን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፣ ስደርስበት አነብላችኋለሁ። መርሳትም ከበሽታው አንዱ ነው። አትሳቁ! እሺ፣ ሳቁ።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አመለጥኩት። ማስክ፣ ሳኒታይዘር፣ በክርን ሰላምታ፣ ሁሉንም አደረግሁ። ልክ በዓመቱ፣ ክትባቱ መሰጠት በጀመረበት ሰሞን፣ መጋቢት 2013 ላይ ያዘኝ። ተራዬን ልጠብቅ ስል ማለት ነው።

ከባድ አልነበረም። ኦክስጅን አላስፈለገኝም። ሚሊኒየም አዳራሽ አልገባሁም። ዘጠኝ ቀን ቤቴ ተኛሁ። እማዬ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አበላችኝ፣ ፌጦም አልቀረም። በሰባተኛው ቀን፣ እሁድ ነበር፣ ደህና የሆንኩ መሰለኝና ቡና ላፍላ አልኩ።

ቡና የምትቆሉ ታውቃላችሁ። ከምጣድ የሚወጣበትን ሰዓት የሚነግራችሁ ዓይን አይደለም፣ አፍንጫ ነው። እኔም ፍሬውን እያመስኩ ሽታውን እጠብቃለሁ። አይመጣም። ገና ነው እላለሁ፣ አመሳለሁ፣ እጠብቃለሁ። በሩ ተደበደበ። ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። "አንቺ ልጅ! ቤቱን ልታቃጥዪው ነው እንዴ?" ዝቅ ብዬ ሳይ ምጣዱ ላይ ያለው ከሰል ነው። ጭሱ ዓይኔን አስለቅሶኛል፣ አፍንጫዬ ግን ምንም አልሰማም። ያን ቀን ነው ጉንፋን አለመሆኑ የገባኝ። ማግስቱን ተመረመርኩ፣ ኮሮና ነው አሉኝ።

ሽታው በአራት ወሩ ተመለሰ። ያልተመለሰው ሌላው ነው።

ወደ አንደኛው ነገር ልግባ። ይሄ በሽታ ስም አለው። በተለምዶ ሎንግ ኮቪድ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ትርጉም ሰጥቶታል። ከተያዙ በኋላ ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታ ሊብራራ የማይችል ምልክት ነው ይላል። ምልክት ተብለው የተመዘገቡት ከ200 በላይ ናቸው። ድርጅቱ በኮቪድ ከተያዙ 100 ሰዎች 6 ያህሉን እንደሚያገኝ ይገምታል። 6 ትንሽ ቁጥር ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዙሪያችሁን እዩና ቁጠሩ።

"በሌላ በሽታ ሊብራራ የማይችል" የሚለውን አስምሩበት። እኛ አገር ይሄ ቁም ነገር ነው። የሚያደክም በሽታ መች ጠፋ? ቲቢ አለ፣ ደም ማነስ አለ፣ እንቅርት አለ፣ ስኳር አለ። ስለዚህ ከኢንተርኔት ላይ አንብባችሁ "የኔም ሎንግ ኮቪድ ነው" ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። ተመርመሩ። እሱ ሁሉ ታይቶ ምንም ሲጠፋ ነው ወደዚህ የሚመጣው።

ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቫይረስ ሄዶ ጣጣው ሲቀር የኖረ ነው። ድሬዳዋ ያለች የአክስቴ ልጅ በ2011 ማብቂያ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው ይዟት ነበር። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ግን ለወራት ጠዋት ጠዋት የጠርሙስ ክዳን አያስከፍታትም ነበር። አሁን ስንደዋወል የበሽታ እህትማማቾች ነን እንባባላለን። የህዳር በሽታንም ታውቁታላችሁ። በህዳር 1911 እዚሁ አዲስ አበባ የበረታው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም በየዓመቱ ህዳር 12 ሰፈሩ በቆሻሻ ጭስ ይታጠናል። የሞቱትን በጭስ እናስባለን። ተርፈው ሳይድኑ የቀሩትንስ ማን ጻፋቸው? እኔ እንጃ፣ ጭሱ በመጣ ቁጥር እነሱን ነው የማስበው።

አሁን ስለ ድካም። ይሄ ቃል በድሎኛል። "ምን ሆንሽ?" ይሉኛል። "ድካም" እላለሁ። "እሱማ እኛስ መች ቀረልን!" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያልደከመው ማን ነው? ታክሲ ሰልፍ፣ ኑሮ፣ ልጅ። ግን የእነሱ ድካም ተኝተው ሲነሱ ይወጣል። የኔ አይወጣም። ስለዚህ ቃሉን ቀየርኩት። አሁን "ድቀት" ነው የምለው። ኢኮኖሚ ሲደቅ እንደምንለው። የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ግን ቃሉን ከቀየርኩ ወዲህ ሰው "እኛስ" አይለኝም።

ድቀቱ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፣ የዛሬው ንግግሬ ፍሬው ይሄ ነው።

2013 ሰኔ። የበጀት ዓመት መዝጊያ። የሂሳብ ሰዎች ካላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰኔ 30 ማለት ለኛ ፋሲካም ምጽአትም ነው። እኔ ከተሻለኝ ሁለት ወር አልፎኛል፣ እያዘገምኩ እሠራለሁ። አንድ ሐሙስ ቀን ጠዋት ስነሳ ቀለለኝ። በቃ ቀለለኝ! እንደ ድሮዬ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከለገሀር ታክሲ ልይዝ ስል ሰልፉን አየሁና "ምን አባቱ" ብዬ ቸርችልን በእግሬ ወጣሁት። ዳገቱን ታውቁታላችሁ። ስድስተኛ ፎቅም በደረጃ። ማታ ቤቴ ገባሁ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ወጥ ሠራሁ፣ ለእማዬ ደወልኩ፣ "ድኛለሁ!" አልኳት። እልል አለች።

ዓርብ ደህና ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን ላበጥር ማበጠሪያውን አነሳሁ። እጄ ጆሮዬ ጋ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በላይ እምቢ አለ። አያምም፣ አልደነዘዘም፣ እምቢ አለ ብቻ። ማበጠሪያው ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው አሰብኩ፣ እና ተውኩት። ማበጠሪያው እስከ ማክሰኞ መሬት ላይ ነበር።

አያችሁ? ሐሙስ ተሻለኝ፣ ቅዳሜ ወደቅሁ። በመሃል አንድ ቀን አለ። ሰው የሚሸወደው እዚያች አንድ ቀን ላይ ነው። ከሠራችሁ በኋላ ቅጣቱ ያኔውኑ ቢመጣ ማንም ይማር ነበር። እሱ ግን በማግስቱ፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ቀን ነው የሚመጣው። ያኔ ጥፋቱን በሌላ ታላክካላችሁ። ብርድ መታኝ ትላላችሁ፣ ምግቡ ነው ትላላችሁ፣ ዓይን በላኝ ትላላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ወድቄ ነው የገባኝ። የሚያመኝ ሲያመኝ አይደለም። የሚያመኝ ሲሻለኝ ነው። ሲያመኝማ ተኝቼ ምን አደርጋለሁ? ሲሻለኝ ነው ጉድ የምሠራው።

ሐኪም ቤት አልሄድሽም ወይ ትሉኛላችሁ። ሄድኩ እንጂ! አራት ሐኪም አየሁ። ደም፣ ሽንት፣ ራጅ፣ የልብ ምርመራ። ሁሉም ንጹሕ። አንዱ ወረቀቱን አጣጥፎ "ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው፣ ባል አለሽ?" አለኝ። ምን አገናኘው? አሁንም ይገርመኛል።

አምስተኛዋ ወጣት ሐኪም ናት። ምንም ማሽን አላመጣችም። አልጋ ላይ አስተኝታኝ ዝም ብላ ጠበቀች፣ የልብ ምቴን ቆጠረች፣ 76። ከዚያ አስነሳችኝና ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፣ አትንቀሳቀሺ አለችኝ። ደቂቃ በደቂቃ ትቆጥራለች። በአስረኛው ደቂቃ 121። ምንም አልሠራሁም እኮ፣ ቆሜያለሁ ብቻ! ልቤ ግን ደረጃ እየወጣ ነበር። ፖትስ ይባላል አለችኝ። ሰው ሲቆም ደም ወደ እግሩ ይወርዳል፣ ጤነኛ ሲሆን ደም ሥሮቹ ጠበብ ብለው ወደ ላይ ይመልሱታል። የኔዎቹ ሰነፉ፣ ልቤ ብቻዋን ትሯሯጣለች። በአስር ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት በ30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ የደም ግፊቱ ሳይወድቅ፣ እሱ ነው የሚጠረጠረው። አለቀስኩ። ሰው በሽታ ተገኘብሽ ሲባል በደስታ ያለቅሳል? እኔ አልቅሻለሁ።

ውሃ አብዢ አለችኝ፣ እግር የሚጨምቅ ረጅም ካልሲ አድርጊ አለችኝ፣ ጨው ጨምሪ አለችኝ። አያቴ ነፍሷን ይማርና ቡና በጨው ነበር የምትጠጣው። እንስቅባት ነበር። አሁን እኔም በጨው ነኝ። ግን ስሙኝ፣ እባካችሁ ስሙኝ፣ ደም ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ይሄን ሰምቶ ቤቱ ሄዶ ጨው እንዳይበላ! ሐኪም ካላዘዘ አይሆንም።

ያቺ ልጅ ያለችኝን ሌላም ነገር አልረሳውም፣ እኔ እንኳ አልረሳውም። "ስፖርት ሥሪ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ የሚልሽን አትስሚ" አለችኝ። ይሄ የሷ ፈጠራ አይደለም። ኤም ኢ የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ቫይረስን ተከትሎ የሚመጣ፣ ድቀቱ እንዲሁ የሆነ የቆየ በሽታ አለ። እንግሊዞች ለሱ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ስፖርት ያዝዙ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 መመሪያቸውን ሲያድሱ አስቀሩት። በሽተኞቹ ለዓመታት "ባሰብን" ሲሉ ነበር።

እኛ አገር ደግሞ ምን ይባላል? "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ስንቱ ነገረኝ መሰላችሁ! እሺ፣ ይሄዳል። ግን እንቁላሉ መጀመሪያ 21 ቀን ተኝቶ፣ ሞቆት፣ ማንም ሳይነካው ነው። እሱን ማን ይናገርልኝ?

ሁለተኛው፣ ሥራ።

እንደ ሂሳብ ሰው ልንገራችሁ። ድሮ አቅሜ ደመወዝ ነበር። አልቆ ይሞላል። አሁን አቅሜ ብድር ነው፣ ያውም በአራጣ። ዛሬ የሌለኝን አንድ ሰዓት ብወስድ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ቀን ሙሉ ይቆርጥብኛል። ስለዚህ ዘዴው አንድ ነው፣ ካለህ በታች አውጣ። ሳይደክምህ እረፍ። ይሄን መናገር ቀላል ነው። ማድረጉን ተዉት! እኛ "ጎበዝ" የምንለው ወድቆም የማያርፈውን ሰው አይደለም እንዴ? እኔ በሃያ አምስተኛው ደቂቃ፣ ገና ደህና እያለሁ፣ ሥራው እየጣፈጠኝ፣ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ስነሳ እንደ ሌባ ነው የሚሰማኝ።

የት እንደማርፍ ልንገራችሁ? የድሮ ዶሴ የሚቀመጥበት ክፍል አለን። ከመደርደሪያው ጀርባ ጋቢ አነጥፌ አስር ደቂቃ እጋደማለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ ባልደረባዬ የ2008ን ዶሴ ልታወጣ ገብታ እግሬን አየች። ጩኸቷ ታች ካለው ፋርማሲ ድረስ ተሰምቷል። ሬሳ መስያታለሁ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ "አልሞትኩም፣ አርፌ ነው።"

ጭንቅላትም አለ። ሐኪሞቹ የአእምሮ ጭጋግ ይሉታል፣ ልክ ነው፣ ከእንጦጦ በክረምት እንደሚወርደው ነው። ቁጥር አይቼ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩት ግን ሌላ ነው። አንድ ወር የሂሳብ ሚዛኑ እምቢ አለ፣ በ63,000 ብር ይለያያል። ሂሳብ ያስተማሩኝ መምህር ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ ሁለት አሃዝ ቦታ ተለዋውጦ ይሆናል ይሉ ነበር። 63,000 ለ9 ይካፈላል። ፈለግሁ። 81,740 የነበረውን 18,740 ብዬ ጽፌዋለሁ። በገዛ እጄ፣ በቆንጆ ጽሕፈት። አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም። ያን ቀን ነው የፈራሁት፣ ከማበጠሪያውም ይልቅ።

ያን ቀን ነው ለአለቃዬ የነገርኩት። እስከዚያ ደብቄ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ግን የማይታይ በሽታ መደበቅ እንዴት እንደሚያጓጓ አታውቁም። ቅባት ትቀባላችሁ፣ ፀጉር ትሠራላችሁ፣ ማንም አያውቅም። "አምሮብሻል" ይላሉ። ስለዚህ ስገባ የሕመም ወሬ አላወራሁም። ወረቀት ይዤ ገባሁ። በግራ በኩል የምችለውን፣ በቀኝ የማልችለውን ጻፍኩ። ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ጭንቅላቴ ይሠራል፣ ቁጥር ያኔ ይሰጠኝ። ከሰዓት ዶሴ ማስተካከል፣ ስልክ። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት። የምጽፈውን ቁጥር ሌላ ሰው እንዲያየው፣ እኔ ደግሞ የሱን አያለሁ። ሰውየው መጀመሪያ "ሁሉም እንደዚህ ቢጠይቀኝስ?" አለ። ሁለት ሳምንት ዝም አለኝ፣ አኮረፈኝም። ኋላ ግን ሞክሪው አለ። የዓመቱን ሂሳብ በጊዜው ዘጋሁ፣ ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ሁሉም አለቃ እንዲህ አይደለም፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሕጉን እወቁት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራው ባላመጣበት በሽታ መሥራት ካልቻለ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ። ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ። የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። እና ለኛ ዋናው ነገር፣ ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ተወስዶ ማለቅ የለበትም፣ በተለያየ ጊዜ የተወሰደውም ይደመራል። ወደቅ ነሳ ለሚል በሽታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ይፈልጋል። ቢዘገይ በማግስቱ ማሳወቅም አለባችሁ። ይሄ የግሉ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ አለው። ግን እናውራ ከተባለ፣ ጫት ሻጩ፣ ጀብሎው፣ እንጀራ ጋጋሪዋስ? ለነሱ የትኛው አዋጅ ነው? ከአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ጋር ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ተዋውቀን ነበር፣ ምጣዱ ፊት መቆም አቅቷት በርጩማ ላይ ሆና መጋገር ጀምራለች። በቀን ከምትጋግረው ግማሹን። ኪራዩ ግን ግማሽ አልሆነላትም። ለሷ መልስ የለኝም።

ከሥራ ውጪ ያለውን በአጭሩ ልበል፣ ሰዓቴን እያየሁ ነው። እድር አለብን። ቀብር ላይ የቀረ ይቀጣል። እኔ ሦስት ለቅሶ ቀርቼ ቅጣት መጣብኝ። የእድሩን ዳኛ ቤታቸው ሄጄ "ጋሼ፣ መቆም አልችልም፣ መቀመጥ ግን እችላለሁ" አልኳቸው። አሰብ አደረጉና "መዝገቡን ያዢልን፣ ሽማግሌው ጸሐፊያችን ዓይኑ ደክሟል" አሉኝ። አሁን የእድሩ ሂሳብ በኔ ነው። አንድም ብር አይጎድልም፣ 81ን 18 እንዳላደርግ ሁለቴ ስለማነበው።

ጸበልም ሄጃለሁ። እማዬ እንጦጦ ወሰደችኝ፣ ሰባት ቀን። ማንም ሰው እምነቱን እንዲተው አልናገርም፣ እኔም አልተውኩም። ግን የጎዳኝ ዳገቱ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጤነኛውም ያለከልካል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ስግደቱ ከበደኝ፣ ነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። "አንቺ በልብሽ ስገጂ" አሉኝ። እኔ ከሁሉም ሐኪሞች በፊት የተረዱኝ እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ሌላ ምን አለ... ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት በርጩማ ላይ ሆኜ ነው የምከትፈው። ገላዬን ተቀምጬ ለብ ባለ ውሃ ነው የምታጠበው፣ ሙቅ ውሃ ልቤን ያስሮጣታል። ኮሪደር ልማቱን ሰው በየፊናው ያወራል፣ እኔ ግን የቆጠርኩት አግዳሚ ወንበሩን ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ እያረፍኩ እሄዳለሁ። መንገደኛው ፍቅረኛዬን የምጠብቅ ይመስለዋል።

ሦስተኛው! ቆይ፣ ወረቀቴ። ... "ሦስተኛ፣ ለቤተሰብ።" እሺ። ይሄ አጭር ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ "ዛሬ ደህና ትመስያለሽ" ስትሉ በዚያው "እንግዲያው ገበያ እንሂድ" አትበሉ። ደህና በመሰለበት ቀን ነው ልትይዙት የሚገባ። እኔን ወንድሜ ነው የሚይዘኝ። ደስ ብሎኝ ስዘፍን ከሰማ "ዛሬ ደግሞ ማንን ልትበደሪ ነው?" ይለኛል። ለዛሬው ንግግር ፈቅዶልኛል። ነገና ሰኞ አልጋ ላይ ነኝ፣ ተበጅቷል። እንዳታዝኑልኝ፣ ፈልጌ የከፈልኩት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልልቀቃችሁ። ስድስተኛ ፎቅ ብያችሁ ነበር። ሊፍታችን መብራት ሲጠፋ አይሠራም፣ መብራት ሲኖርም ሁልጊዜ አይሠራም። ወደ ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ እል ነበር፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ሰው እየተራመደኝ። በር ላይ ያሉት ጥበቃችን፣ ጋሼ፣ አንድ ቀን አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። በማግስቱ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወንበር አለ። የእንጨት ወንበር ነው፣ አንድ እግሩ አጠር ስላለ ሥሩ ካርቶን ተጣጥፎ ገብቶበታል። የራሳቸው ወንበር ነበር። እሳቸው ታች ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሼ ምነው?" አልኳቸው።

"እኔማ ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ፣ አይበቃኝም?" አሉኝ።

ለሳቸው ሌላ ወንበር ተገዛላቸው፣ ያኛው ግን እዚያው ቀረ። መጀመሪያ እኔ ብቻ ነበርኩ የምቀመጥበት። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ያለችው ነፍሰ ጡር። ከዚያ ጉልበቱን የሚያመው ተላላኪ። አሁን አንዳንዴ ተራ እንጠብቃለን። ባለፈው ረቡዕ መብራት ጠፍቶ ስወጣ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ብዬ፣ ትንሽ ቆይቼ ሦስተኛው ጋ ስደርስ ወንበሩ ተይዟል። አለቃዬ ነው። ክራቫቱን አላልቶ፣ ላቡን እየጠረገ። ሲያየኝ ብድግ ሊል ሲል "ይቀመጡ፣ አስር ደቂቃ ይበቃዎታል" አልኩትና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ ተቀምጬ እመልሳለሁ።